የስልክ ሱስ ጥናት ስትሰሩ መጀመሪያ መጠይቁን አንብቡት

ካምፓስ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ሲባል በተደጋጋሚ ከሚመጡት አንዱ ይሄ ነው፦ የስማርትፎን ሱስ፣ ከእንቅልፍ ወይም ከድብርት ጋር ያለው ግንኙነት፣ በዚህኛው ወይ በዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ። አንዳንዱ ደግሞ ስብዕናን ይጨምርበታል፣ ማለትም ልጁ ተጨናቂ ነው ወይ፣ ሥራውን በሥርዓት ሚሰራ ነው ወይ፣ ሰው ይወዳል ወይ ሚለውን። ርዕሱ ጥሩ ርዕስ ነው፣ እኔም ከልቤ ነው ምወደው፣ ምክንያቱም ዶርም ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ተጥዶ ጠዋት ክፍል ሚቀር ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ነገሩ እውነት ሊጠና ሚገባው ነው። ግን አብዛኛው ፕሮፖዛል ላይ አንድ ነገር ይረሳል። ስልኩንም ጤናውንም ስብዕናውንም ምንለካው ከአንድ ተማሪ፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ ወረቀት ነው፣ እና መጠይቆቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታነቧቸው ጥያቄዎቹ አንዱ የሌላውን እየደገሙ እንደሆነ ታያላችሁ። «ግንኙነት አለ» ሚለው ውጤት ከፊሉ ዳታ ሳይሰበሰብ ገና መጠይቁ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። ይሄን ነው በደንብ ላስረዳ ምፈልገው።

ብዙ ጥናቶች ሚጠቀሙት መለኪያ ከደቡብ ኮሪያ የመጣ ነው። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በኋላም በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው) ኩዎን ሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ 33 ጥያቄ ያለውን ረጅሙን፣ በዛው ዓመት ደግሞ 10 ጥያቄ ብቻ ያለውን አጭሩን አወጡ። በየአገሩ የተሰራጨው አጭሩ ነው፣ ያው አስር ጥያቄ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 «በጭራሽ አልስማማም» እስከ 6 «በጣም እስማማለሁ» ነጥብ አለው፣ ድምሩ ከ10 እስከ 60 ይሆናል፣ ከዛ ለወንድ 31 ለሴት 33 ላይ መስመር ይሰመርና ከዛ በላይ ያለው «ሱሰኛ» ወይ «ለሱስ የተጋለጠ» ይባላል።

አሁን ጥያቄዎቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። አንደኛው በስልክ ምክንያት ያቀድኩትን ሥራ ሳልሰራ እቀራለሁ ይላል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ወይ አሳይመንት ስሰራ ሐሳቤን መሰብሰብ ይከብደኛል። ሦስተኛው ስልክ ስጠቀም የእጅ አንጓዬን ወይም ማጅራቴን ያመኛል። አምስተኛው ስልኬን ካልያዝኩ ትዕግስት አጣለሁ፣ እቁነጠነጣለሁ። ዘጠነኛው ካሰብኩት ጊዜ በላይ እቆያለሁ። የመጨረሻው በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ስልክ ታበዛለህ ይሉኛል ይላል።

በሉ ሦስተኛውን ያዙት። አንድ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ «የስማርትፎን ሱስና የአንገት ሕመም» ብሎ ቢነሳና ይሄን መለኪያ ቢጠቀም፣ አንገቱን ሚያመው ልጅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ 5 ወይ 6 ይሞላል፣ የሱስ ነጥቡ ከፍ ይላል፣ ከዛ ሁለተኛው መጠይቅ ላይ አንገትህን ያምሃል ወይ ሲባል አዎ ይላል፣ ኮምፒውተሩም «ግንኙነት አለ» ይላል። የአንገት ሕመም ከአንገት ሕመም ጋር ቢገናኝ ምን ይገርማል? አንድ ቁና ጤፍ ሁለት ጊዜ ሰፍሮ ሁለት ቁና አለኝ እንደማለት ነው። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ያቺን ጥያቄ አውጥቶ ትንተናውን በ9 ጥያቄ መድገምና ሁለቱንም ውጤት ማቅረብ ነው፣ ውጤቱ ከቆመ ቆመ፣ ከወደቀም መውደቁ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ድብርት ላይም ያው ነው። በአገራችን በብዛት የምንጠቀምበት ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መጠይቅ ባለፉት 2 ሳምንታት ሐሳብህን መሰብሰብ ተቸግረሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የስልኩ መጠይቅ ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ እሱኑ ነው ሚጠይቀው፣ «በስልክ ምክንያት» ሚል ብቻ ጨምሮበት። ተማሪው ግን ሐሳቡ የተበታተነው በስልክ ይሁን በድብርት ይሁን በብር እጦት በምን ያውቃል? ሰው የራሱን ችግር መንስኤ እንዲህ ለይቶ አያውቅም፣ እኛ ተመራማሪዎቹ ልናገኘው የወጣነውን መልስ ነው እሱን ሙላልን እያልን ያለነው። እንቅልፍም እንደዛው፣ የድብርት መጠይቁ ውስጥ የእንቅልፍ ጥያቄ አለ፣ ስለዚህ ድብርትንና እንቅልፍን ሁለቱንም ለክቶ «ይዛመዳሉ» ማለት በከፊል ያቺን ጥያቄ ሁለቴ መቁጠር ነው።

ስብዕና ጋ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስብዕናን ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ሚሰራበት አምስት ሰፋፊ ዘርፎችን ነው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥራን በሥርዓትና በጊዜው የመጨረስ ዝንባሌ፣ ሰው ወዳድና ተጫዋች መሆን፣ ተግባቢነት፣ እና ቶሎ የመጨነቅና የመረበሽ ዝንባሌ ማለትም ኒውሮቲሲዝም። አጭር ሲፈለግ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ፣ እሱ ውስጥ «ቶሎ እረበሻለሁ»፣ «ስንፍና ያጠቃኛል»፣ «ሥራዬን ጠንቅቄ እሰራለሁ» አይነት አረፍተ ነገሮች አሉ። አሁን ይሄንን ከላይ ካየነው ጋር አጋጥሙት። ስልኬን ካልያዝኩ እቁነጠነጣለሁ ሚለው ከቶሎ እረበሻለሁ ጋር፣ ያቀድኩትን ሥራ ሳልሰራ እቀራለሁ ሚለው ከስንፍና ያጠቃኛል ጋር። ከየአገሩ ተደጋግሞ ሚወጣው ውጤት ደግሞ በትክክል ይሄው ነው፦ ተጨናቂ ሰው የስልክ ሱስ ነጥቡ ከፍ ይላል፣ ሥርዓት ያለው ሰው ዝቅ ይላል። ውጤቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ የተወሰነው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ምን ያህሉ ስለ ስልክ ነው ምን ያህሉ ስለ ጥያቄዎቹ መመሳሰል ነው ሚለውን በዚህ መንገድ ማወቅ አይቻልም። ቢያንስ ሁለቱን መጠይቆች አንድ ላይ ፋክተር አናሊሲስ (ተመሳሳይ መልስ ሚያገኙ ጥያቄዎችን በየቡድኑ ሚለይ ስሌት) ውስጥ አስገብታችሁ ጥያቄዎቹ በየራሳቸው ጎራ መለየት አለመለየታቸውን እዩ። ክሮንባክ አልፋ 0.85 መጣ ብሎ ማለፍ ይሄን ጥያቄ አይመልስም፣ አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መያያዛቸውን እንጂ ከሌላው መጠይቅ መለየታቸውን አይነግራችሁም።

በእንግሊዝ አገር የተወሰኑ ተመራማሪዎች ይሄን ነገር በጥሩ ሁኔታ አሳይተውታል። የሶሻል ሚዲያ ሱስ መጠይቆችን ቅርጽ ወስደው፣ ሶሻል ሚዲያ ሚለውን አውጥተው በቦታው በአካል ከጓደኛ ጋር ማሳለፍ ሚለውን ተኩ፣ ሰውም ሞላላቸው፣ በተለመደው አቆራረጥ መሠረት 69 በመቶው «የጓደኛ ሱሰኛ» ሆኖ ተገኘ። ማንም ጤነኛ ሰው ጓደኛ መውደድ በሽታ ነው አይልም። ችግሩ መለኪያው ሚወዱትን ነገር መውደድን ከበሽታ መለየት አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የስማርትፎን ሱስ ሚባል በሽታ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማህበር መዝገብም ሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው መዝገብ ውስጥ የገባው የጌም መጫወት ችግር ነው፣ ስልክ አይደለም። ስለዚህ ዲፌንስ ላይ ቆማችሁ «ከተማሪዎቻችን ይሄን ያህል በመቶ ሱሰኛ ነው» ስትሉ በምርመራ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ምታውጁት፣ ያንን ደግሞ ወላጅ ይሰማዋል፣ አስተዳደር ይሰማዋል፣ ስልክ ይከልከል ሚል ሰው እጅ ይገባል። ነጥቡን እንደ ነጥብ ብቻ ብታቀርቡት፣ አማካይ ይሄ ነው ስርጭቱ ይሄ ነው ብትሉ፣ ማንንም ሳትጎዱ የበለጠ እውነት ትናገራላችሁ።

የ31 እና 33 መስመርም ቢሆን የመጣው ከኮሪያ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፣ የ14 እና የ15 ዓመት አካባቢ ልጆች ማለት ነው። እሱን አምጥቶ ጎንደር ወይ ሐዋሳ ያለ የ22 ዓመት ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ላይ መስመር ማስመር ምን ማለት ነው? መስመር ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ ለማየት እሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ አገራችን የድብርት መጠይቁ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲፈተሽ የተሻለው መቁረጫ 10 ሆኖ ተገኘ፣ ጉራጌ ሶዶ ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ሲፈተሽ ደግሞ 5። አንድ አገር፣ አንድ መጠይቅ፣ ግን ግማሽ በግማሽ ልዩነት። ከስልኩ መጠይቅ ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ ትዊተርና ፌስቡክ ላይ የሰው ወሬ እንዳያመልጠኝ ቶሎ ቶሎ አያለሁ ይላል፣ የኛ ተማሪ ግን ውሎው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው፣ እንዳለ ከተረጎማችሁት ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ሚውለው ልጅ 1 ሞልቶላችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ከመሰብሰባችሁ በፊት አስር አስራ አምስት ተማሪ ቁጭ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብሎ አንብቦ ምን እንደገባው በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ አድርጉ። ፕሪቴስት ብለን 5 በመቶው ላይ በትነን ምንመልሰው ወረቀት ይሄን ሥራ አይሰራም፣ ሰው ያልገባውንም ጥያቄ ቁጥር አክብቦ ይመልሳልና።

ከመጠይቅ ይልቅ ስልኩን ራሱን ብንጠይቀውስ? ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። ከ2018 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ሚባል አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በቀን ስንት ሰዓት፣ የቱ አፕ ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። በ2021 ፓሪ ሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰው በራሱ አፍ የተናገረውንና መሣሪያው የመዘገበውን ያነጻጸሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ዝምድናው መካከለኛ ብቻ ነው፣ 0.38 አካባቢ (0 ማለት ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ማለት ሙሉ ዝምድና ነው)፣ የሱስ አይነት መጠይቆች ደግሞ ከትክክለኛው አጠቃቀም ጋር ያላቸው ዝምድና ከዛም ያንሳል። ከዛ ቀደም በ2015 እንግሊዝ አገር በ23 ሰው ላይ ለሁለት ሳምንት የተሰራ አነስተኛ ጥናት ሰዎች ስልካቸውን ሚያዩት ከገመቱት በእጥፍ ያህል ብዙ ጊዜ እንደሆነ አሳይቷል፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ከ30 ሰከንድ ያነሰ ቆይታ ነው፣ አውጥቶ ሰዓት አይቶ መመለስ አይነት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከየት አስታውሶ ይነግራችኋል?

ስለዚህ ተማሪውን በቀን ስንት ሰዓት ትጠቀማለህ ብላችሁ ከምትጠይቁት፣ ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ ሴቲንጉን ከፍቶ ያለፉትን ሰባት ቀናት ቁጥር ራሱ አንብቦ ይጻፍላችሁ። ስክሪንሾት ላክ አትበሉት፣ ስክሪንሾት ውስጥ የአፕ ዝርዝር አለ፣ ኖቲፊኬሽን ላይ የሰው ስምና መልእክት ሊኖር ይችላል፣ ቁጥሯ ብቻ ትበቃችኋለች። ግን ቁጥሩንም አታምልኩት። አንደኛ፣ በኛ ካምፓስ ስልክ መጽሐፍ ነው። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ነው ሚለቀቀው፣ ላፕቶፕ የሌለው ልጅ ለኤግዚት ኤግዛም 300 ገጽ ፒዲኤፍ ሚያነበው በስልኩ ነው፣ ስድስት ሰዓት ስክሪን ላይ የቆየው እሱ ሱሰኛ ሳይሆን ጎበዝ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ደግሞ ፊልሙን በላፕቶፕ አይቶ የስልኩ ቁጥር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ላፕቶፕ አለህ ወይ ሚለው ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ መግባት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን የለም። ሁለተኛ፣ ስልክ ይዋዋሳል፣ የዶርም ጓደኛ ይወስደዋል። ሦስተኛ፣ ቴሌግራም አራት ሰዓት ቢል ማንበብ ይሁን ማውራት ስልኩ አይለይላችሁም፣ እሱን ከራሱ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ሚሻለው፣ የስልኩን ቁጥርና የልጁን ቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዋናው ጥያቄ ስልክ እንቅልፍ ያሳጣል ወይስ እንቅልፍ ያጣ ሰው ስልክ ያነሳል ሚለው ነው። አንድ ቀን ብቻ በተሰበሰበ ዳታ ይሄ አይመለስም፣ የፈለጋችሁትን ሪግሬሽን ብትሰሩ አይመለስም። «ተጽዕኖ» ሚል ቃል ርዕስ ላይ ካለ ዲዛይኑም እሱን መሸከም አለበት። ደግሞ ሁለቱንም ከኋላ ሚገፋ ሦስተኛ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ነው የውጭ ጥናት ላይ የተዘረዘሩትን ተለዋዋጮች ገልብጦ መምጣት ሚጎዳን። ለምሳሌ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል። ኪሱ ቀጠን ያለ ተማሪ ዳውንሎዱንም ወሬውንም ለሌሊት ያቆየዋል፣ ሚያመሸው ሱስ ይዞት ላይሆን ይችላል፣ ብሩ ሚበቃው ለዛ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንጂ። ያ ልጅ ብር ስለሌለው ምግቡም ጭንቀቱም እንቅልፉም ሌላ ነው። ዶርሙ ውስጥ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ስንት ሰው ነው አንድ ክፍል ሚተኛው፣ ጫት ይቅማል ወይ፣ ፈተና ሊደርስ ስንት ሳምንት ቀረው፣ ፍሬሽማን ነው ወይስ ጂሲ፣ ከቤተሰቡ አካባቢ ሰላም አለ ወይ። የመጨረሻው በተለይ ያሳስበኛል፣ ቤተሰቡ ግጭት ያለበት ቦታ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ሚያይ ልጅ ዜና እየጠበቀ ነው፣ ስልክ የደወሉለት እንደሆነ እያየ ነው፣ እና መጠይቁ ላይ «ስልኬን ካልያዝኩ እረበሻለሁ» ሲባል 6 ይሞላል፣ ድብርቱም ከፍተኛ ይወጣል፣ እኛ ደግሞ ስልክ ለድብርት ያጋልጣል ብለን እንጽፋለን። ይሄ ስህተት ብቻ ሳይሆን በደል ነው።

የተሻለው መንገድ አንድን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ነው። 400 ሰው አንዴ ከመጠየቅ 80 ሰው ለ14 ቀን በየጠዋቱ ሦስት አጭር ጥያቄ ብትልኩለት፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስልክህ ትናንት ስንት ሰዓት ይላል፣ ዛሬ ስሜትህ እንዴት ነው ብትሉት፣ ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። ሀብታሙም ድሃውም ተጨናቂውም ከራሱ ጋር ነው ሚወዳደረው፣ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማይለወጠው ነገር፣ ስብዕናውም ጭምር፣ ከመንገድ ይወጣል ማለት ነው። ከዛ ስልክ በበዛበት ማታ ማግስት ስሜቱ ይወርዳል ወይስ ስሜቱ በወረደበት ቀን ማታ ስልክ ይበዛል ብሎ ቅደም ተከተሉን ማየት ይቻላል። ስብዕና እዚህ ላይ ነው እውነተኛ ሥራ ሚያገኘው፣ ለማን ነው ይሄ ነገር ጠንክሮ ሚታየው፣ ለተጨናቂው ነው ወይስ ለሁሉም ሚለውን ለመጠየቅ። ወጪውም ቢሆን ቴሌግራም ቦት ወይ ኮቦ ሚባለው የኦንላይን መጠይቅ ፎርም ነው፣ ለተሳታፊው የካርድ ማካካሻ መስጠት ነው።

ኢንተርኔት ሲዘጋስ አይተን ብናወዳድር ሚል ሐሳብ ሚያነሱ አሉ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ወቅት ተዘግቶ ነበር፣ በሰኔ 2011ም በፈተና ሰሞን ተዘግቷል። ሐሳቡ ያጓጓል ግን ፈተናው ራሱ እንቅልፍና ጭንቀት ይለውጣል፣ በ2011 ደግሞ እዛው ወር ውስጥ ሰኔ 15 መጣ፣ የባሕር ዳሩና የአዲስ አበባው ግድያ። ኢንተርኔት ብቻውን የተዘጋበት ጊዜ ማግኘት ይከብዳል። ሰውን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹ እንዲቀንስ ማድረግ ነው ንጹሁ መንገድ፣ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2018ቱ ምርጫ በፊት ለሰዎች ብር ከፍለው ለ4 ሳምንት ፌስቡክ ያዘጉ ኢኮኖሚስቶች እንዲህ ነው ያደረጉት፣ ፌስቡክ የዘጉት ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ተረፈላቸው፣ ደስታቸውም ጨመረ፣ ግን ጭማሪው ትንሽ ነው።

ትንሽ ሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ ሳምፕል ሳይዝ ላይ ያስፈልገናል። እኛ ጋ ሁሉም ፕሮፖዛል ላይ ያቺ ፎርሙላ አለች፦ ስርጭቱ 50 በመቶ፣ ስህተቱ 5 በመቶ፣ 384 ይመጣል፣ 10 በመቶ ላልመለሱ ይጨመርና 422 ወይ 423። ይሄ ቁጥር ሚሰራው «ስንት በመቶ» ለሚል ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄያችሁ ግንኙነት ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ዝምድናው 0.3 ከሆነ 85 ሰው ይበቃል፣ 0.2 ከሆነ 194፣ 0.1 ከሆነ ግን 783 ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት። በ2019 ኤሚ ኦርበንና አንድሪው ፕርዚቢልስኪ ከ355 ሺህ በላይ ወጣቶች ዳታ ይዘው ሲያዩ የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ከደህንነት ስሜት ልዩነት ውስጥ ሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ነው። እሱ ወደ ዝምድና ሲቀየር 0.06 አካባቢ ነው፣ ያንን ለማየት ወደ 2000 ሰው ይፈልጋል። ታዲያ 422 ሰው ይዛችሁ ኦድስ ሬሾ (የአንዱ ቡድን ዕድል የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ሚናገር ቁጥር) 4 ካገኛችሁ ከመደሰት በፊት ወደ መጠይቁ መመለስና ጥያቄዎቹ መደጋገማቸውን ማየት ነው።

ትንተናው ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ከ10 እስከ 60 ሚሄድን ነጥብ «ሱሰኛ፣ ሱሰኛ ያልሆነ» ብሎ ሁለት ቦታ መቁረጥ የለፋችሁበትን መረጃ መጣል ነው፣ 30 ያገኘና 31 ያገኘ ልጅ አንድ ናቸው፣ 31 እና 58 ያገኙት ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ከ0.25 በታች ፒ ቫልዩ (ግንኙነት ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት የመምጣት ዕድል) ያለውን ብቻ ወደ ቀጣዩ ሞዴል እናስገባ ሚለው ልማድ፣ ገቢ ወይ ጫት በአጋጣሚ ከወጣ ወጣ ማለት ነው፣ ምን ማስገባት እንዳለባችሁ ግን ከላይ እንዳየነው ሕይወቱን ከማወቅ ነው ሚመጣው። ዳታ ሳይሰበሰብ ቁጭ ብላችሁ ስዕሉን ሳሉት፣ ምን ምንን ይገፋል ብላችሁ፣ ከዛ ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ ሚባለው የጥናት ዕቅድ መመዝገቢያ ድረ-ገጽ ላይ በነጻ መዝግቡት፣ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል።

ሊንክ በቴሌግራም ግሩፕ መበተን ነገርም አለ። ለክፍል ሪፕ (ተወካይ) ሰጥታችሁ ግሩፕ ላይ ሲለቀቅ መጀመሪያ ሚሞላው ማነው? ስልኩ እጁ ላይ ያለው። ዳታ ያለቀበት፣ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ላይብረሪ የገባው ልጅ አያየውም። የስልክ አጠቃቀም ጥናት ላይ ስልክ ሚያበዛውን ብቻ ሰብስቦ ስርጭቱ ይሄን ያህል ነው ማለት አይሆንም። ከሬጅስትራር ዝርዝር ወስዶ በዕጣ መምረጥ፣ የተመረጠውን ዶርሙ ድረስ ሄዶ ማግኘት አድካሚ ነው ግን ሌላ መንገድ የለውም። አስተማሪ ሆናችሁ ክፍል ውስጥ ወረቀት ማደልም እንደዚሁ፣ ልጁ እምቢ ቢል ውጤቴ ላይ ይመጣብኛል ብሎ ያስባል፣ ወረቀቱ ላይ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ቢፈርምም።

የድብርት መጠይቁን ምትጠቀሙ ደግሞ ዘጠነኛውን ጥያቄ በደንብ አንብቡት። ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ ሚል ሐሳብ መጥቶብሃል ወይ ነው ሚለው። መቶዎችን ስትጠይቁ አዎ ሚል ልጅ አይጠፋም፣ ይሄ ቁጥር አይደለም፣ እዛ ዶርም ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ወረቀቱን ሰብስባችሁ ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ከሁለት ወር በኋላ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ስታስገቡ ካያችሁት ረፍዷል። ስለዚህ ኤቲክስ ኮሚቴው ጋ ከመግባታችሁ በፊት ይሄ ተጽፎ ይለቅ፦ ወረቀቱን ማን ነው እዛው በዛው ሚያየው፣ ያ ልጅ በኮድ ብቻ ከተመዘገበ በምን ይገኛል፣ ኮንሰንቱ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ከሰጠህ እናነጋግርሃለን ተብሎ ተነግሮታል ወይ፣ የካምፓሱ ክሊኒክ ውስጥ ማን አለ፣ ቅዳሜና እሁድስ ማን ስልክ ያነሳል። መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ ያቺን ጥያቄ አውጥታችሁ በባለ 8ቱ መጠይቅ ሥሩ፣ ባለ 8 ሆኖ ሚሰራበት የታወቀ ቅጂ አለው። ሰው ካገኛችሁ ግን ስሙንና ስልኩን መጠይቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለሁሉም ተማሪ ጻፉት፣ አዎ ላለውም ላላለውም፣ ወረቀቷን ቀዶ ይዟት እንዲሄድ።